ካርቱምና የዓባይ ሙላት፦ ሳይንስን በወረቀት አምኖ በመሬት የመካድ ፖለቲካ

የአየር ንብረት ሳይንስን መካድ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው አደባባይ ወጥቶ «ምድር አልሞቀችም» የሚል ፖለቲከኛ ነው። የዚህ ዓይነቱ ክህደት ጉልህ ምሳሌ በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ታይቷል። በ2010 (በዚህ መጣጥፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግዛቷ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን የሳይንስ ቡድን የባሕር ጠለል እስከ 2100 ድረስ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ታሳቢ ተደርጎ እንዲታቀድ መከረ። በባሕር ዳር መሬትና ግንባታ ጥቅም ያላቸው ወገኖች ተቃወሙ። የግዛቷ ምክር ቤትም በ2012 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ትንበያ ለቁጥጥር ሥራ እንዳይውል እስከ 2016 አገደ።

በካርቱም እንዲህ ያለ ሕግ አልወጣም። ሱዳን የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት በ1993 አጽድቃለች፤ ለውጡን የመቋቋሚያ ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብሯን በ2007 አቅርባለች፤ የፓሪስን ስምምነትም በ2017 ተቀብላለች። በሰነድ ደረጃ ካየነው ሳይንሱን የካደ መንግሥት የለም። ሆኖም እምነቱ ከአንገት በላይ ነው። ሳይንሱ ወደ ከተማ ፕላን፣ ወደ መሬት ምሪትና ወደ ግንባታ ፈቃድ ሲደርስ በሩ ይዘጋበታል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ይህ ሁለተኛው ክህደት ከመጀመሪያው ያላነሰ ጎጂ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው በሕግ የተጻፈ በመሆኑ ሊሞገትና ሊሻር ይችላል። ሁለተኛው ግን ማንም ኃላፊነቱን ሳይወስድ ይቀጥላል።

ሙላቱ ያስተማረው

ካርቱም ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ጎርፍ የሚመጣባት ግን ከሁለት አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የወንዝ ሙላት፣ ሌላው በራሷ ሰማይ የሚዘንበው ድንገተኛ ዝናብ። በኦገስት 1988 ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ደረሱባት። በወሩ መጀመሪያ በአንድ ሌሊት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጣለ፤ ይህም ከተማዋ በአማካይ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ዝናቡን ተከትሎ ወንዙ ሞላ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከተጎዱት መካከል በ1980ዎቹ አጋማሽ ከነበረው ድርቅና ከደቡቡ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ብዙዎች ነበሩ። የሰፈሩት ማንም ባልፈለገው ዝቅተኛ መሬትና በደረቅ ወንዞች መውረጃ ላይ ነው። ቤታቸው የጭቃ ነበር፤ ውኃ አንድ ሌሊት ከተኛበት ከሥሩ ርሶ ግድግዳው ይናዳል።

ከዚያ መቅሠፍት በኋላ ሱዳን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያለውን ደመና በሳተላይት እየተከታተለ ሙላቱን ቀድሞ የሚተነብይ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመች። ይህ ትልቅ የሳይንስ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ውኃው የሚደርስበትን ቀን ሊነግር እንጂ ሰው በውኃ መንገድ ላይ እንዳይሰፍር ሊከለክል አይችልም። በ2013 ዝናቡ የካርቱምን ዳርቻዎች ዳግም ሲያጥለቀልቅ የመንግሥት እጅ በማጠሩ ወጣቶች «ነፊር» ብለው ተደራጁ፤ ነፊር ከእኛ ደቦ ጋር የሚመሳሰል የሱዳን ልማድ ነው። በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ወንዙ በካርቱም መለኪያ ከ17 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ደርሶ የ1946ንም የ1988ንም ክብረ ወሰን ሰበረ። 100 ገደማ ሰዎች ሞቱ፤ ከ100,000 የሚበልጡ ቤቶች ተጎዱ፤ በመላ አገሪቱ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

የውኃው መሬት

ሁለት ቦታዎችን ቀረብ ብለን እንመልከት። የመጀመሪያው በወንዞቹ መገናኛ ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ በክረምት «ታያ» የሚሏቸውን የጥበቃ ቦታዎች በደሴቲቱ ዙሪያ ያቆማሉ። ቀንና ሌሊት ተራ ገብተው የውኃውን ከፍታ ይከታተላሉ፤ ዳርቻው ሲሸረሸር ጎረቤት ተጠራርቶ በአሸዋ ከረጢት ይደፍነዋል። በ1946ቱ ሙላት ያሳዩት ተጋድሎ እስከ ዛሬ በዘፈን ይወደሳል። ይህ ትውልድ ለትውልድ ሲያስተላልፈው የኖረ የምልከታ እውቀት ነው።

ሁለተኛው ከነጭ ዓባይ ዳር ያለው የሱኑት ደን ነው። በ1939 በሕግ የተከለለው ይህ የግራር ደን በየዓመቱ ለወራት በውኃ ተውጦ ይከርማል፤ ወንዙ ሲሞላ የሚተነፍስበት ሜዳ ማለት ነው። የነዳጅ ገንዘብ በገባበት በ2000ዎቹ ግን ከደኑ አጠገብ መቅረን በተባለው የካርቱም ሰፈር የቢሮ ሕንፃዎች፣ ሆቴሎችና የመኖሪያ መንደሮች ያሉት ግዙፍ ፕሮጀክት ተጀመረ። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ሥጋታቸውን ቢያሰሙም የመሬቱ ዋጋ ከውኃው ልክ በላይ ተደመጠ። በ2023 በፈነዳው ጦርነት ደግሞ የደኑ ዛፎች ክፉኛ ተጨፈጨፉ።

ጣት መቀሳሰር

ሌላው የክህደት መልክ ጥፋቱን በሙሉ ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው። በጁላይ 2020 ኢትዮጵያ የሕዳሴውን ግድብ መሙላት ስትጀምር የሱዳን መስኖ ሚኒስቴር በድንበሩ መለኪያ የዓባይ ፍሰት በቀን 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታወቀ፤ የዚያ ወር ክርክር ሁሉ ስለ ውኃ ማነስ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ካርቱምን ያሰጠማት የውኃ መብዛት ሆነ። ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ከተመረቀ በኋላም በሱዳን ለደረሰው ጎርፍ ግብፅ ኢትዮጵያን በግዴለሽነት ውኃ ለቃለች ስትል ከሰሰች፤ ኢትዮጵያም ግድቡ ጉዳቱን ቀንሷል ብላ አስተባበለች።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን። ግድቡ በክረምት የሚመጣውን ሙላት ማርገብ ይችላል። የሞላ ግድብ ግን የሚገባበትን ያህል ማሳለፍ ስላለበት የሚለቀቅበት ጊዜና መጠን በታችኛው አገር ያሉ ሰዎችን ሕይወት ይነካል። ስለዚህ ቁጥሩ በየቀኑ ይፋ መሆን ይገባዋል። በሌላ በኩል በካርቱም ላይ የሚወርደውን ዶፍ የትኛውም የኢትዮጵያ ግድብ አያመጣውም፣ አያስቀረውምም።

የጉዳቱ ምክንያት ድህነት፣ ማዕቀብና ጦርነት እንጂ ክህደት አይደለም የሚል መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። ድህነት የፓምፕና የማፋሰሻ ቦይ እጥረትን ያስረዳል። ባለሀብት በወንዝ ዳር ሕንፃ እንዲያቆም፣ ተፈናቃይ በጎርፍ መውረጃ እንዲሰፍር የፈቀደውን ውሳኔ ግን አያስረዳም። ትንበያው እርግጠኛ አይደለም የሚለውም አያስኬድም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆኑት የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂር ከባልደረባቸው ጋር በ2017 ባሳተሙት ጥናት የዓባይ ፍሰት ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅበት መጠን በዚህ ክፍለ ዘመን በ50 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ማለት ድርቁም ሙላቱም ይበረታሉ ማለት ነው፤ ለሁለቱም መዘጋጀት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መደምደሚያ

የሱዳን ጦር በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ ከተቆጣጠረ ወዲህ ነዋሪዎች እየተመለሱ፣ ከተማዋም እንደገና ለመሠራት እየተሰናዳች ነው። ፈርሶ የሚሠራ ከተማ የቀድሞ ስህተቱን የማረም ዕድል አለው። የ2020ው የውኃ ልክ በመሪ ፕላኑ ላይ እንደ ሕጋዊ ወሰን ይሰመር፤ ከዚያ በታች የመኖሪያ ምሪት አይሰጥ፤ የሱኑት መሬት ለወንዙ ይመለስ። ከሕዳሴው ግድብ፣ እንዲሁም በሱዳን ካሉት ከሮሰሪስና ከጀበል አውሊያ ግድቦች የሚለቀቀው ውኃ መጠን ቱቲ ላለው ጠባቂ ጭምር በየዕለቱ ይድረሰው። ሳይንስን መቀበል ማለት ይህ ነው። ይህን የማይፈጽም መንግሥት የፈረመው ስምምነት የቱንም ያህል ቢበዛ ሳይንስን ካጅ ነው።