ባሕር ያልፋቀው ቁጥር

ፈረንሳዊው ደራሲና የጦር አብራሪ አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1944 ከኮርሲካ ደሴት ተነሥቶ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ለቅኝት በረረ፤ አልተመለሰም። ያበረረው ሎክሂድ ኤፍ-5ቢ የፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን ልዩ ዓይነት ሲሆን፣ መትረየሶቹና መድፉ ወጥተው በምትካቸው የፎቶግራፍ ካሜራዎች ተተክለውበታል። ስለዚህ ጠላት ቢገጥመው መከላከያው ፍጥነቱና ከፍታው ብቻ ነበሩ።

ስለ አወዳደቁ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ብዙ ተባለ። በ1998 አንድ ዓሣ አጥማጅ ከማርሴይ አቅራቢያ የደራሲውና የባለቤቱ ስም የተቀረጸበትን የብር አምባር በመረቡ አወጣ፤ ብዙዎች ግን ሐሰት ነው ብለው ተጠራጠሩ። በ2000 አንድ ጠላቂ በዚያው አካባቢ የአውሮፕላን ስብርባሪ መኖሩን አስታወቀ፤ በ2003ም ከፊሉ ወጣ።

ጥርጣሬውን የቈረጠው በብረቱ ላይ የተገኘው 2734 የተሰኘው የፋብሪካ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከመዝገብ ጋር ሲመሳከር፣ የአሜሪካ ጦር 42-68223 ብሎ የመዘገበው፣ ደራሲው የበረረበት አውሮፕላን ሆኖ ተገኘ። ውጤቱም በ2004 ተገለጸ።

የአወዳደቁ ምክንያት ግን አልታወቀም። በወጣው ብረት ላይ የጥይት ቀዳዳ አልታየም፤ ሆኖም የወጣው ከመላው አካል ጥቂቱ ስለሆነ አልተመታም ለማለት አያስችልም። በ2008 አንድ የቀድሞ ጀርመናዊ አብራሪ መትቼ የጣልሁት እኔ ነኝ ቢልም፣ ቃሉን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ሰነድ አልተገኘም።

ቁጥሩን በብረቱ ላይ ያተመው ሠራተኛ የፈጸመው የዕለት ግዴታውን ነበር፤ መዝጋቢውም እንዲሁ። ከስድሳ ዓመት በኋላ አውሮፕላኑ የማን እንደ ነበረ የታወቀው ሁለቱም ሥራቸውን ሳያጓድሉ በመፈጸማቸው ነው።