በቫልዶኮ ማድ ቤት የተጀመረ ልማድ

በሰሜን ኢጣልያ የምትገኘው ቶሪኖ የሰርዴኛ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፥ ከከተማይቱ ዳርቻ ወደ ዶራ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ሥፍራ፥ ቫልዶኮ በሚባለው መንደር፥ ጣራው ከማነሡ የተነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበት ዘንድ ወለሉን መቆፈር ግድ የሆነበት አንድ ዳስ መሰል ቤት ነበረ። ይህን ቤት ፒናርዲ ከሚባል ባለ ርስት ተከራይቶ፥ አጽድቶና ኖራ አስቀብቶ፥ በ1846 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሚያዝያ 12 ቀን፥ በበዓለ ትንሣኤ፥ ቅዳሴ የቀደሰበት ጆቫኒ ቦስኮ የተባለ የሠላሳ ዓመት ካህን ነው። እኛ ካህኑን «አባ» እንደምንል ኢጣልያኖች «ዶን» ይላሉና፥ ስሙ በአገሩም በውጭም «ዶን ቦስኮ» ሆኖ ቀረ።

ካህኑ ብላቴኖችን መሰብሰብ የጀመረው ግን ከዚያ ከአራት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፥ በ1841 ታኅሣሥ 8 ቀን ነው። በቶሪኖ በቅዱስ ፍራንቸስኮ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያን፥ በዕቃ ቤቱ ውስጥ፥ ልብሰ ተክህኖውን ሲለብስ፥ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ አንድ የሙት ልጅ «ቅዳሴ ማገልገል አታውቅም» ብሎ እየመታ ሲያስወጣው ያያል። «ወዳጄ ነው፤ ጥራልኝ» ብሎ አስመለሰው፤ ከቅዳሴም በኋላ አነጋገረው፤ ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የሚባለው ይህ ብላቴና በሚመጣው እሑድ ባልንጀሮቹን አስከትሎ መጣ። ከየገጠሩ ለግንብና ለድንጋይ ሥራ ወደ ከተማ የሚጎርፉ ልጆች በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩና፥ ጉባኤው ከእሑድ ወደ እሑድ እየበዛ፥ ጩኸቱም ጎረቤቱን እያስመረረ፥ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ሲሰደድ ኖሮ በመጨረሻ በፒናርዲ ዳስ ዐረፈ።

ስለ ቫልዶኮ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ብዕራቸውን የሚያሳርፉት በ1868 በተባረከው በታላቁ የእመቤታችን ቤተ መቅደስ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከጕልላቱ ይልቅ ማድ ቤቱ ይበልጥብኛል። ዶን ቦስኮ አባቱን ያጣው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ያሳደገችው እናቱ ማርጌሪታ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ባላገር ስትሆን፥ በ1846 ኅዳር፥ በ58 ዓመቷ፥ የልጅ ልጆቿንና እርሻዋን ትታ ከቤኪ መንደር እስከ ቶሪኖ በእግሯ ከልጇ ጋር መጣች። ልጆቹም ወዲያው «እማማ ማርጌሪታ» አሏት።

በማግሥቱ ዓመት፥ ማደሪያ ያጡ ጎረምሶችን ገለባ በተከመረበት ቆጥ ላይ አሳደሯቸው፤ ሲነጋ እንግዶቹም አንሶላውም ብርድ ልብሱም አልነበሩም። እንግዲህ በግንቦት ወር፥ ዝናብ በሚያወርድበት አንድ ምሽት፥ ልብሱ እስከ ሥጋው የራሰ የ15 ዓመት የሙት ልጅ በራቸውን ሲያንኳኳ፥ ማርጌሪታ በእሳቱ ዳር አስቀምጣ፥ ሾርባና እንጀራ አቀረበችለት። ከቫልሴዝያ የመጣ ግንበኛ ነበረ፤ ይዟት የመጣትን ሦስት ሊሬ ሥራ ሲፈልግ ጨርሷታል። የት እንደሚያድር ሲመካከሩ ማርጌሪታ ድስቶቿን ይዞብኝ ይሄዳል ብላ መስጋቷን አልሸሸገችም፤ ሆኖም ጡብ ደርድረው፥ ሳንቃ ጋድመው፥ በማድ ቤቱ ውስጥ መኝታ አበጁለት። ከመተኛቱም በፊት ያቺ ያልተማረች ሴት ስለ ሥራ፥ ስለ መታመንና ስለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ጥቂት ቃል ነገረችው፤ ጸሎት አላውቅም ቢላት ከእኛ ጋር ትደግማለህ አለችው። በሩን ግን ቆለፈችው! ዶን ቦስኮ ይህን ሁሉ በማስታወሻው ሲጽፍ መቆለፉንም አልደበቀም፤ ደግነትና ጥንቃቄ በአንድ ቤት አብረው ማደራቸውን ሳይጠቅስ ቢያልፍ ኖሮ ታሪኩን ባላመንሁት።

ከዚያች ሌሊት የመነጨው ልማድ፥ አዳሪዎቹ በብዙ መቶ ከተቈጠሩም በኋላ አልቀረም። ከጸሎተ ሠርክ በኋላ ልጆቹ በበረንዳው ሥር ይሰበሰቡና፥ ዶን ቦስኮ ከፍ ካለች መቆሚያ ላይ ወጥቶ፥ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ንግግር፥ የዕለቱን ነገር አንሥቶ፥ አንድ ምክር ጥሎ፥ «መልካም ሌሊት» ብሎ ያሰናብታቸዋል። ልጅ የሰማውን የመጨረሻ ቃል ይዞ ይተኛል የሚል እምነት ነበረውና፥ የሚቈጣ ቃል በዚያች ሰዓት እንዳይነገር ይጠነቀቅ ነበር።

ቀን ቀን ደግሞ ሜዳው ነበረ። መምህራኑ በዕረፍት ሰዓት ከልጆቹ ጋር እንዲሮጡና እንዲጫወቱ የቤቱ ሥርዓት ያዝዛል። በዚህ ጨዋታ መካከል አንድ ቀን የወታደር ሰልፍ ተሰልፎ፥ ድል አድራጊው ጦር የማርጌሪታን የጓሮ አትክልት ከሥሩ ረጋገጠው፤ እርሷም ምርር ብሏት ወደ አገሬ ስደደኝ ብትለው፥ ልጇ አንድም ቃል ሳይናገር በግድግዳው ላይ ያለውን ስቅለት በጣቱ አመለከታት። ቀረች፤ በ1856 ኅዳር እስክታርፍም ከዚያው ነበረች።

ወደ ከተማ ወጥተው የእጅ ሥራ ለሚማሩት ልጆችም ጌታቸውን የሚያስር ውል ይጻፍ ነበር፤ በ1852 የካቲት የተጻፈው የአንድ አናጢ ውል፥ ጌታው ተማሪውን በቃል እንጂ በሌላ እንዳይገሥጽ፥ በበዓል እንዳያሠራው፥ በዓመትም የሁለት ሱባዔ ዕረፍት እንዲሰጠው ያስገድዳል። በ1854 ኮሌራ በቶሪኖ በገባ ጊዜ ከቤቱ ልጆች 44 ያህሉ በሽተኞችን ለማስታመም ራሳቸውን አቀረቡ፤ እጃቸውን በኮምጣጤ እየታጠቡ አገለገሉ፥ ከመካከላቸውም አንድ እንኳ አልሞተም። በ1855 ደግሞ ጂናዚዮ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፥ ልጆቹ ቀድሞ ወደ ከተማ እየተመላለሱ ይማሩት የነበረው፥ በቤቱ ውስጥ ተጀመረ።

ይህን ሁሉ ልምድ ዶን ቦስኮ በጽሑፍ ያጠቃለለው ዘግይቶ፥ በ1877፥ በጥቂት ገጾች ነው። ሕግ አውጥቶ አጥፊውን ጠብቆ መቅጣት አንድ መንገድ ነው፤ ከልጁ ጋር ውሎ ጥፋቱ ሳይደርስ መከልከል ሌላ መንገድ ነው፤ የእርሱ ሁለተኛው ነው፥ ምሰሶዎቹም ልቡና፥ ሃይማኖትና ፍቅር ናቸው። ነገሩ ሲነበብ ይቀላል፤ መምህሩ ግን ቀኑን ሙሉ ለራሱ የሚሆን ሰዓት የለውም ማለት ነው።

ቤቱ በሰፋ ቍጥር ይህ መክበዱ አልቀረም። በ1884 ግንቦት 10 ቀን ከሮማ የተላከው ደብዳቤ ለዚህ ምስክር ነው። በ68 ዓመቱ፥ ደክሞ ሳለ፥ ለጸሓፊው የነገረው ሁለት ሜዳ ያየበትን ሕልም ነው፤ በመጀመሪያው፥ ከ1870 በፊት በነበረው፥ ልጆቹ ይሮጣሉ፥ ይዘፍናሉ፥ ካህናቱም በመካከላቸው ናቸው፤ በሁለተኛው፥ በጊዜው በነበረው፥ አንዱ ዓምድ ተደግፎ ዝም ብሏል፥ ሌሎቹ ለብቻቸው በሹክሹክታ ያወራሉ፥ አለቆቹም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ልጆቹ አልተራቡም፥ አልታረዙም፥ ትምህርቱም አልተጓደለም፤ የጐደለው መወደዳቸውን ማወቃቸው ነበር። የራሱን ቤት ድካም እንዲህ በግልጥ የጻፈ የትምህርት ቤት መሥራች ብዙ አላየሁም። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፥ በ1888 ጥር 31 ቀን ዐረፈ፤ በ1934 ቅዱስ ተባለ።

እርሱ የመሠረተው ማኅበር አባላት፥ ሳሌዝያውያን የሚባሉት፥ በ1975 ወደ አገራችን መጥተው በመቀሌ ሥራ ጀመሩ። ማታ የሚነገረው ቃል በማኅበሩ አዳሪ ቤቶች እንደ ጥንቱ ቆይቷል፤ ተማሪዎቹ ሲመሽ ወደየቤታቸው በሚገቡባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ሰዓቱን ለውጦ ወደ ጠዋት ሰልፍ ተዛውሯል፤ ስሙም «እንደምን አደራችሁ» ሆኗል።