ሳይፈላ የሚግል ፈሳሽ፦ ስለ «ፍሌት» ፍቺ

በዲመካና በአካባቢዋ ሐመሮች የሚጠጡት ቡና ከፍሬው ሳይሆን ከገለፈቱ የሚፈላው ሾፎሮ ነው። በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ተጥዶ ሲንተከተክ ይቆይና በቅል ይቀዳል። ይህን ማንሣታችን ለአንድ የስያሜ ጉዳይ ስለሚረዳን ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ ውኃ ለብ ይላል፣ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ይገነፍላል፣ ይተናል። የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ግን «ፍሌት»ንና «ትነት»ን ወስደው የቀሩትን ለማድቤት ተዉላት። «ነጥበ ፍሌት»ም ውኃ የሚፈላበት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተብሎ ይጠናል። ይሁንና ይህ ቍጥር የባሕር ጠረፍ ነው። ከፍታው 1,000 ሜትር ያህል በሆነ ስፍራ ውኃ በ97 ዲግሪ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል።

ይህስ በቀላሉ ይታረማል። የሚከብደው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 የሎዛኑ ሉዊ ዱፉር የውኃ ጠብታዎችን በዘይት ውስጥ አንሳፎ ከ170 ዲግሪ በላይ ቢያሞቃቸው አልፈሉም፤ ጠጣር ነገር ሲነካቸው ግን በቅጽበት እንፋሎት ሆኑ። ምክንያቱ አረፋ ነው። ፈሳሽ እንዲፈላ አረፋ መወለድ አለበት፤ ጥቃቅኑን አረፋ ግን የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ጨፍልቆ ያጠፋዋል። ስለዚህ አረፋ መነሻ ይሻል፦ የዕቃ ስንጥቅ፣ በውስጡ የታቈረ አየር። የሾፎሮው ማሰሮ ሻካራነትና ገለፈቱ ይህን አሟልተው ይሰጣሉ። በንጹሕና ልሙጥ ብርጭቆ የሚሞቅ ውኃ ግን ነጥቡን በዝምታ አልፎ ድንገት ሊገነፍል ይችላል።

ቫን ደር ቫልስ በ1873 ያወጣው ቀመር ለዚህ ሁኔታ ስፍራ ነበረው፤ ኦስትቫልድ በ1890ዎቹ «ሜታ» በሚል የግሪክ ባዕድ መነሻ ሰየመው፤ ዶናልድ ግሌዘርም በ1952 የአቶም ቅንጣቶችን ጐዳና በአረፋ ለማሳየት ተጠቀመበት።

በአማርኛ «ኢጽኑ» ብንለው እንሳሳታለን፤ ፈሳሹ እስካልተነካ ድረስ ጸንቶ ይቈያልና። በእኔ አስተያየት «ጽኑ መሰል» ይሻላል። ለድንገተኛው ፍሌት «ግንፈላ»ን እመርጣለሁ። ወተትም ይገነፍላል፣ ቃሉ ለሳይንስ ልቅ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ «ፈላ»ም እኮ ለጠላውም፣ ለጉንዳኑም፣ ለደሙም ያገለግላል፤ ይህ ለሳይንስ ከመጥበብ አላገደውም።

አፉን በሐመርኛ ፈትቶ ሳይንስን በአማርኛ ለሚማር ልጅ ቃሉ የሚደርሰው ከነፍቺው ነው። ስለዚህ የ«ነጥበ ፍሌት» ፍቺ «ፈሳሽ የሚፈላበት የሙቀት መጠን» መባሉ ቀርቶ «በተወሰነ የአየር ግፊት፣ ፈሳሽ መፍላት የሚችልበት ዝቅተኛው የሙቀት መጠን» ይባል።