የሶላር ፓነሎችን አሠራርና ብልሽት በገመድ አልባ ግንኙነት ከርቀት መከታተል

የሶላር ፓነል ሲዳከም ድምፅ አያሰማም። ለጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ ወይም ለመንደር የውኃ ፓምፕ የተተከለ ሥርዓት ምርቱ መቀነሱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት ስላለባቸው፣ ባለሙያ ከከተማ እስኪደርስ ሊበላሹ ይችላሉ። የርቀት ክትትል ዋና ጥቅም ችግሩን አገልግሎቱ ከመቋረጡ በፊት ማሳወቁ ነው።

በሥርዓቱ ላይ የሚገጠሙ ሴንሰሮች የፓነሎቹን ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሙቀት፣ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ በተሟላ አሠራር ደግሞ የፀሐይ ጨረሩን መጠን ይለካሉ። ንባቡ በየጥቂት ደቂቃው ተመዝግቦ በሬዲዮ ሞገድ ይላካል። በአንድ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ይበቃል፤ ፓነሎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከራቁ አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመው ሎራ ይመረጣል፤ ከዚያ ለራቀ ቦታ ሲም ካርድ ያለው መሣሪያ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ንባቡን አቆይቶ ግንኙነቱ ሲመለስ የሚልክ መሣሪያ ያስፈልጋል። ገዢው ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው።

በፓነሉ ጀርባ የተጻፈው ዋት የተለካው በካሬ ሜትር 1000 ዋት በሆነ ጨረርና በ25 ዲግሪ የሴል ሙቀት ነው። የተለመደው የሲሊከን ፓነል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። በቆላማ አካባቢ ሴሉ 65 ዲግሪ ቢደርስ የ300 ዋት ፓነል በሙሉ ፀሐይ የሚሰጠው 250 ዋት ገደማ ነው። ይህ እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

ይበልጥ የሚያሳስተው በቀትር የሚታይ ዝቅተኛ ከረንት ነው። ባትሪው ከሞላ የቻርጅ መቆጣጠሪያው ከረንቱን ራሱ ስለሚቀንስ፣ ጤናማው ሥርዓት የታመመ ይመስላል። ስለዚህ ከፓነሉ ንባብ ጎን የባትሪው ቮልቴጅ ሳይታይ ውሳኔ ሊሰጥ አይገባም። ባትሪው ሳይሞላ ቮልቴጁ እምብዛም ሳይለወጥ ከረንቱ ከሳምንት ሳምንት ቀስ በቀስ ከወረደ፣ በተለይም በበጋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። ምርቱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወርዶ የሚመለስ ከሆነ ጥላ አለ ማለት ነው፤ ከተከላው በኋላ ያደገ ባሕር ዛፍ የተለመደ ምክንያት ነው። ጎን ለጎን ከተያያዙት አራት የፓነል መስመሮች አንዱ ቢቋረጥ ከረንቱ በአንድ ጊዜ በሩብ ይቀንሳል፤ ፊውዝና የገመድ መጋጠሚያዎች ይፈተሻሉ። የአንድ ፓነል ቮልቴጅ በሲሶ ከወረደና ጥላ ከሌለ ደግሞ ከፓነሉ ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ዳዮድ ሊሆን ይችላል።

ንባቡ ጨርሶ ከጠፋ ፓነሉ ተበላሽቷል ብሎ መደምደም አይገባም። ሲም ካርዱ ሒሳብ ጨርሶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ወይም የመሣሪያው አንቴና ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በቦታው ላለ ሰው ስልክ ደውሎ አገልግሎቱ መኖሩን ማረጋገጥ የባለሙያ ጉዞ ሊያስቀር ይችላል።

አቧራ ሲጸዳ ፓነሉ ሳይግል በማለዳ፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ መሆን አለበት፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። ብርሃን እስካለ ድረስ ፓነል ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን ስለማያቆም ተጠቃሚው ገመድ መንቀል ወይም ሳጥን መክፈት የለበትም። ኃይል እየተላለፈ መጋጠሚያ ሲነቀል የሚፈጠረው የእሳት ብልጭታ ለቃጠሎ ይዳርጋል።

ለጥገና የሚያመለክት ተጠቃሚ የፓነሎቹን ብዛትና ዋት፣ የተተከሉበትን ዓመት፣ ንባቡ መለወጥ የጀመረበትን ቀንና የዚያን ሳምንት መዝገብ ይዞ ቢቀርብ ባለሙያው ተገቢውን መለዋወጫ ይዞ ለመምጣት ይችላል።