የቤርያ ኮሌጅ ታሪክ፤ ደንብ ሲጻፍና ደንብ ሲጠበቅ



አንድ ትምህርት ቤት ስመ ጥር ነው ሲባል፥ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምናስበው ስለ ሕንፃው ስፋት፥ ስለ ተማሪዎቹ ብዛትና ስለሚገኝበት ከተማ ታላቅነት ነው። ታሪክን ለሚመረምር ግን ከታላላቅ ከተሞች ርቀው፥ በእርሻና በኮረብታ መካከል ተቋቁመው፥ ለብዙዎች አርአያ የሆኑ ትንንሽ ኮሌጆች ይገኛሉ። ከነዚህም አንዱ በአሜሪካ፥ በኬንታኪ ግዛት የሚገኘው ቤርያ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ 1,500 ገደማ ናቸው፤ ትምህርቱም ለአንድ ሞያ ብቻ የሚያዘጋጅ ሳይሆን፥ በታሪክ፥ በቋንቋ፥ በፍልስፍናና በሳይንስ አእምሮን በሰፊው የሚያለማ ነው። እንዲህ ያለ ኮሌጅ በአሜሪካ ብዙ ነው። ቤርያን ከሌሎቹ የለየው ምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

መሥራቹ ጆን ፊ የሚባሉ ሰባኪ ነበሩ። በ1816 ዓ.ም. በኬንታኪ፥ ባሪያ ከሚያሳድር ቤተ ሰብ ተወለዱ። ጎልማሳ ሆነው የሃይማኖት ትምህርት ሲማሩ ባርነት ኃጢአት መሆኑን አመኑ፤ ይህንንም በይፋ ማስተማር ስለ ጀመሩ አባታቸው ከውርስ ነቀሏቸው። በ1854 ካሲየስ ክሌይ የተባሉ ባለጸጋ የባርነት ተቃዋሚ መሬት ሰጧቸው። በዚያም መሬት ላይ በ1855 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ያችው ክፍል በእሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ስሙንም ቤርያ አሉት። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፥ በሐዋርያት ሥራ የቤርያ ሰዎች የሰሙትን ነገር እውነት መሆኑን ለማወቅ መጻሕፍትን ዕለት ዕለት በመመርመራቸው ተመስግነዋል። የኮሌጁም መሪ ቃል የተወሰደው ከዚያው ምዕራፍ ነው፤ እግዚአብሔር የሰውን ዘር ሁሉ ከአንድ ደም መፍጠሩን ይመሰክራል።

ባርነት በሕግ በጸናበት አገር እንዲህ ያለ ቃል ማወጅ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1859 ጆን ብራውን በሃርፐርስ ፌሪ ባሪያዎችን ነጻ ለማውጣት መሣሪያ አንሥተው በተያዙ ጊዜ፥ የኬንታኪ ባላባቶች በድንጋጤና በቁጣ ተነሡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ 60 ያህል የታጠቁ ሰዎች መጥተው፥ አስተማሪዎቹ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዟቸው። ጆን ፊም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ኔልሰን በተባለው የጦር ሰፈር፥ ከባርነት ወጥተው ወታደር የሆኑትን ጥቁሮች ሲያስተምሩ ቆዩ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ወደ ቤርያ ተመልሰው የተቋረጠውን ሥራ ቀጠሉ። በ1866 በትምህርት ቤቱ 187 ተማሪዎች ነበሩ፤ 96ቱ ጥቁሮች፥ 91ዱ ነጮች። ትናንት አንዱ ጌታ፥ ሌላው ንብረት ሆኖ በሚቈጠርበት አገር፥ የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ጣራ ሥር ፊደል ቈጠሩ።

ሁለተኛው ልዩ ጠባዩ የድኻን ልጅ የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። ከ1892 ጀምሮ ኮሌጁ ለትምህርት ክፍያ ከተማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ወጪው የሚሸፈነው በጎ አድራጊዎች በሰጡትና ለረጅም ዘመን በተከማቸው ገንዘብ ገቢ ነው። በዚህ ፈንታ እያንዳንዱ ተማሪ፥ ማንም ይሁን ማን፥ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። አንዱ በእርሻው፥ አንዱ በሽመናው፥ አንዱ በእንጨት ሥራው፥ ሌላውም መጥረጊያ በሚሠራበት ክፍል ወይም በኮሌጁ ሆቴል ተመድቦ ያገለግላል። ሁሉም ስለሚሠራ፥ የእጅ ሥራ የድኽነት ምልክት መሆኑ ቀረ፤ መጥረጊያ የሚሠራው እጅ ከትምህርት ሰዓት በኋላም የፍልስፍና መጽሐፍ ይገልጣል።

ከዚህ ኮሌጅ ከወጡት ሰዎች አንዱ ካርተር ዉድሰን ናቸው። ወላጆቻቸው በባርነት የኖሩ፥ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ የሠሩ ነበሩ። በ1903 ከቤርያ ተመረቁ፤ በ1912 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ በ1926ም የጥቁሮች ታሪክ በየዓመቱ የሚታሰብበትን ሳምንት መሠረቱ። ዉድሰን ጥቂት ዓመታት ቢዘገዩ ኖሮ ግን ከቤርያ መመረቅ ባልቻሉም ነበር።

በ1904 የኬንታኪ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በግዛቱ ሁለቱን ወገን አብሮ የሚያስተምር ኮሌጅ ቤርያ ብቻ ስለ ነበረ፥ ሕጉ የታለመው በማን ላይ እንደ ሆነ የታወቀ ነበር። ኮሌጁም ተከሶ 1,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት፤ ይግባኙም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1908 ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸና። ለውሳኔው የሰጠው ምክንያት ለእኛ ለመዝገብና ለደንብ ሰዎች ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ኮሌጁን በማኅበርነት ያቋቋመው ግዛቱ ስለ ሆነ፥ የሰጠውን ፈቃድ መልሶ ሊለውጠው ይችላል አለ። ስለ ሰው እኩልነት የቀረበው ጥያቄ በማኅበር ፈቃድ ጉዳይ ተሸፍኖ አለፈ። ይህን አጥብቀው የተቃወሙት፥ ራሳቸው ባሪያ ያሳድር ከነበረ የኬንታኪ ቤተ ሰብ የተወለዱት ዳኛ ጆን ሃርላን ነበሩ። መንግሥት ይህን መከልከል ከቻለ፥ ነጭና ጥቁር ልጆች ቃለ እግዚአብሔር ለመማር በአንድነት እንዳይሰበሰቡ ከመከልከል ምን ያግደዋል ሲሉ ጠየቁ።

እውነቱን ለመናገር፥ ጥፋቱ ሁሉ የሕጉ ብቻ አልነበረም። ከ1892 ጀምሮ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዊልያም ፍሮስት አሳባቸውን በተራራማው አገር ወደሚኖሩት ድኻ ነጮች ስላዞሩ፥ ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ከነጮቹ እጅግ አንሶ ነበር። ኮሌጁ ከተፈረደበት በኋላ ገንዘብ አሰባስቦ በ1912 ለጥቁሮች ሊንከን ኢንስቲትዩት የተባለ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ረዳ። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አብሮ መማርን አልተካም። በ1950 ሕጉ ሲሻሻል ቤርያ በሩን ለጥቁር ተማሪዎች ወዲያው መልሶ ከፈተ። በመካከሉ 46 ዓመት አለፈ፤ ይህም አንድ ሰው ተምሮ፥ ሠርቶ፥ ጡረታ የሚወጣበት ዘመን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቤርያን ከሌሎች የለየው መሪ ቃሉ ብቻ እንዳልሆነ ታያለህ፤ መልካም ቃል በየደጃፉ ተጽፎ ይገኛል። ደንብ በታጠቀ ሰው ይሰደዳል፥ በሕግ ይታገዳል፥ በራሱ ጠባቂዎች ቸልታም ይደክማል። ከሦስቱም ሳይታወቅ የሚመጣው የመጨረሻው ነው። ቤርያ ሦስቱንም አይቷል። በ1855 የተጀመረው አሳብ በ1950 የሚመለስበት በር ያገኘው፥ በመካከሉ ያስታወሱት ሰዎች ስላልጠፉ ነው። በአደራ የተሰጠንን ደንብ በየመሥሪያ ቤታችን ስንይዝ፥ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው አሳቡን ከወረቀቱ ጋር እንዲያገኘው አድርገን እናስረክብ።