አሸናፊ የሌለበት ጉዞ

ብስክሌት ሲነሣ ከሁላችንም አፍ ቀድማ የምትወጣው ጥያቄ «ማን ቀደመ?» የምትለው ናት። አይፈረድብንም። አገራችን በኦሊምፒክ መጀመሪያ በተካፈለችበት በ1949ኙ የሜልቦርን ጨዋታ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ከሯጮቹ እኩል ተሰልፈው ነበር። ብስክሌትን ያወቅነው በውድድር ነው።

ሌላም ታሪክ ግን አለው። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በሰኔ 1889 ዓ.ም.፥ 12 ጣልያኖች ከሮም እስከ ናፖሊ ያለውን 230 ኪሎ ሜትር ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመጨረስ ተነሡ። ሽልማት የለ፥ አንደኛና ሁለተኛ የለ። ስማቸው በላቲን «አውዳክስ» ተባለ፤ ደፋሮች ማለት ነው። ነገሩ በ1896 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሲገባ ደንብ ያዘ፤ ሁሉም መንገድ መሪውን ተከትሎ ባንድነት ይሄዳል፤ ጉልበት ተረፈኝ ብሎ መሪውን ማለፍ የለም።

ከነዚያ ጣልያኖች ጉዞ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፥ በ1890 ዓ.ም.፥ የራስ መኰንን ጦር ቤንሻንጉል ገባ። ያም የብዙ ሰው ረዥም ጉዞ ነበር፤ ግን አሸናፊና ተሸናፊ ነበረው። የበርታ ሹማምንት ተሸነፉ፤ የአገሩ ወርቅ ግብር ሆኖ ወደ መሐል አገር ተጫነ። የአገሩ ስም የመጣው «ቤላ ሻንጉል»፥ የሻንጉል ዐለት፥ ከሚባለው በመንጌ አካባቢ ከሚገኝ የተቀደሰ ድንጋይ ነው። እኛ ግን መንጌን በዐለቷ አላወቅናትም፤ ታሪክ ስናጠናም «ማን አሸነፈ?» ብለን ነዋ!

በ1995 ዓ.ም. ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የተጀመረው የብስክሌት ጉዞ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። መወዳደር የፈለገ ይወዳደር፥ ያልፈለገ አገር እያየ ይነዳ ነበር። አገራችንን በመተማ ገብቶ፥ በጎንደርና በባሕር ዳር አልፎ፥ አዲስ አበባ ደረሰ። መንጌ ከመስመሩ ውጭ ቀረች።

እንግዲህ ከአሶሳ ወደ መንጌ አንድ ቀን ባንድነት ብንነዳ ምን ይለናል? ግብር አንሰበስብ፤ ዋንጫም አንሸከም። የመንጌ ሽማግሌዎች ውሃ አቅርበው ሲቀበሉን «ማን ቀደመ?» አይሉንም። «ስንት ሆናችሁ ተነሣችሁ? ስንት ሆናችሁ ደረሳችሁ?» ቢሉን ግን፥ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው።