ከብራና እስከ ሰርቨር፦ የመጠባበቂያ ቅጂዎቻችን ፍልሰትና የአንባቢው ድርሻ

(በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ ሰርቨር ነው። የታሪክ መምህርን ሰርቨር ምን አገባው የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከተሰበሰብንበት ሰፈር ስም ልጀምር። ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክት የሚያደርስ መሣሪያ ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» አለው። ያ መሣሪያ ካረጀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስሙ ግን ከመሣሪያው ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ ክፍለ ከተማው ተሻግሮ ዛሬም በታክሲ ረዳቶች አፍ ይጠራል። መሣሪያ ያልፋል፤ የሚጠራው ሰው እስካለ ድረስ ስሙ ይኖራል። የዛሬው ጉዳዬም መሣሪያ ሲለወጥ ምን እንደሚሻገርና ምን እንደሚቀር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የመጠባበቂያ ሰርቨሩን ወደ አዲስ ማሽን ሲያዛውር እንዳግዝ ተጠየቅሁ። የተጠራሁት የኮምፒውተር ዕውቀት ስላለኝ አይደለም። በሰርቨሩ ውስጥ ከአካባቢው አረጋውያን በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰቡ ቃለ መጠይቆች ስለነበሩ፣ የትኛው ሰነድ እንደሚጠበቅ የሚወስን ሰው ተፈልጎ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ አርፈዋል። ድምፃቸው በተቀዳባቸው ካሴቶች ላይ ቆየት ብሎ ሌላ ነገር ተቀድቶባቸዋል። በወረቀት የታተመውም ቢሮው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዛወር ጠፍቷል። ስለዚህ በመጠባበቂያነት የተቀመጠው ፋይል፣ የሚጠባበቅለት ዋና ሰነድ የሌለው ብቸኛ ቅጂ ሆኖ ቀርቷል።

አሮጌው ማሽን የሚሠራው በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ነበር። አምራቹ ለዚህ ሥርዓት የደኅንነት ማስተካከያ መስጠቱን ያቆመው ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ማሽኑ ግን ከዚያም በኋላ በአቧራ ተሸፍኖ ያገለግል ነበር። ዲስኮቹ የተቀናጁት አንዱ ቢበላሽ የቀሩት እንዲሸፍኑለት ነው። አንዱ ተበላሽቶ ነበር፤ ሁለተኛው ከተከተለ ሁሉም ነገር ያበቃል። አዲሱ ማሽን በሊኑክስ የሚሠራ ነበር።

ሥራውን የያዙት ወጣት ባለሙያዎች ጠንቃቆች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ፋይል በአሮጌው ማሽን ላይ የማረጋገጫ ቁጥር አሰሉ፤ ከገለበጡ በኋላ በአዲሱ ላይ ደግመው አሰሉ፤ ሁለቱን ዝርዝር አመሳከሩ። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። አንድም ልዩነት አልተገኘም። ዲስኮቹን ከማስወገዳቸው በፊት አንድ ፋይል ከፍተው እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ስክሪኑ ላይ የወጣው የላቲን ፊደላት፣ የሥርዓተ ነጥብና የባዕድ ምልክቶች ክምር ነበር። አንድም የአማርኛ ቃል አልነበረበትም።

«መምህር፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ቁጥሩ አንድ ነው» አለኝ ከወጣቶቹ አንዱ።

እውነቱን ነበር። ቅጂው እንከን አልነበረውም፤ የሚነበብ ግን አልነበረም። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት ተለያዩ? መልሱን ለማግኘት ወደ ቀደመው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

በብራና ዘመን መገልበጥና ማንበብ አንድ ሥራ ነበሩ። ጸሐፊው ቢያንስ ፊደሉን ሳያነብ ሊጽፍ አይችልም። በእርግጥ ይሳሳታል፤ መስመር ይዘላል፣ ቃል ይደግማል። ሆኖም በኅዳግ ወይም በመስመሮች መካከል በምልክት የገባ የተዘለለ ቃል፣ ተፍቆ የተስተካከለ ፊደል የምናገኘው ከእርሱ በኋላ ያነበበ አራሚ ስለነበረ ነው። የብራና ቅጂ ስሕተት አለበት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጂ ቢያንስ አንድ ሰው እንዳነበበው ምስክር ነው።

ያ ሥርዓት ድካም ነበረው። መገልበጥ ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል የብዙ መጻሕፍት ቅጂ ጥቂት ነበር፤ ጥቂቶቹም በአንድ ቦታ ሲከማቹ አደጋው ይበዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ስብስቡ ተበተነ፤ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትም በመጨረሻ የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ሆኑ። የዛሬ ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይሁን የሚሉት ሕግ ምን ከመሰለ ጉዳት እንደሚጠብቅ መቅደላ በደንብ ያስረዳል።

ይህን ሕግ በተግባር ካዋሉት ታላላቅ ሥራዎቻችን አንዱ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረውበታል። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ሥራው ግን አልቆመም። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው ባሕር ተሻገረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካሜራ የሚገለብጠውን አያነብም። ፊልሙ ኮሌጅቪል ሲደርስ በጥቅል ውስጥ ምን እንዳለ በዝርዝር የሚነግር አልነበረም። ማንበቡን ሰው መሥራት ነበረበት። በዚህ ከሁሉ በላይ የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 በወታደሮች ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ አቃታቸው፤ በዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኮሌጅቪል ሥራ ጀመሩ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በሺሕ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከፊልም እያነበቡ የየመጽሐፉን ይዘት፣ ዘመንና ባለቤት መዘገቡ። ፊልሞቹ በኋላ ወደ ዲጂታል ምስል ሲዛወሩ ዕቃው ሁሉ ተለወጠ። የመጻሕፍቱ መለያ ቁጥርና የካታሎጉ ገለጻ ግን አብረው ስለተሻገሩ፣ ዛሬም ተመራማሪ አንድን መጽሐፍ የሚጠቅሰው በዚያው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተር እንምጣ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ስምንት ቢት ያለው የቀድሞ ሥርዓት 256 ቁጥሮች ብቻ አሉት፤ ከእነዚህም 32ቱ ለመቆጣጠሪያ የተያዙ በመሆናቸው 224 ይቀራሉ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እንደ ሏ እና ቋ ያሉት፣ 20ው የግእዝ አኃዝና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ባለሙያዎች የየራሳቸውን ብልኃት ፈለጉ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለ፤ አንዳንዱ የፊደሉን አካልና የቅጥያ ምልክቱን ለይቶ በስክሪን ላይ ገጣጠመ። በዚህ ብልኃት ጋዜጦቻችንና መጻሕፍቶቻችን ታትመዋልና ሠሪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ አንዱ «ሀ» ያለውን ቁጥር ሌላው «መ» ማለቱ ነው። ፋይሉን አማርኛ የሚያደርገው በውስጡ ያለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በማሽኑ ላይ የተጫነው ፎንት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠ። «ሀ» 4608 ሆነ፤ በየትኛውም ማሽን 4608 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ደግሞ «ኒያላ» የተባለው ፎንት አብሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ከማሽን ወደ ማሽን ያለ ችግር ይሻገራል። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን ተርጓሚ ይፈልጋል። የእኛ ቃለ መጠይቆች የተተየቡት በዚያ በቀደመው ዘመን ነበር። የቢሮው ሰዎች ፋይሎቹን ጠብቀዋል፤ ፎንቱን ግን የጠበቀው አልነበረም።

የረዳችን ሰነዶቹን በወጣትነታቸው የተየቡ፣ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው። ሳሪስ አካባቢ ከሚገኘው ቤታቸው መጥተው ስክሪኑን ትንሽ አዩና የትኛው ፎንት እንደነበር ተናገሩ፤ ለርእስ ሌላ ፎንት ይጠቀሙ እንደነበርም አስታወሱ። ፎንቱ ከመጋዘን በተገኘ የተጣለ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። አንድ ገጽ በዚያ ተከፍቶ ሲታይ እትዬ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ «እኔ የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው» ይላል የአንድ አዛውንት ቃል። ቀጥሎም ላፍቶ ጤፍና ገብስ የሚዘራበት ማሳ በነበረበት ጊዜ ስለነበረው ኑሮ ይተርካል። ወጣቶቹ የሚነበበውን ገጽ ካልተነበበው ቁጥር ጋር እያስተያዩ የመለወጫ ሠንጠረዥ ሠሩ።

ሁሉም አልዳነም። የቃላት ማቀናበሪያ ፋይሎች የየቃሉን ፎንት ስለሚመዘግቡ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ሊለይ ቻለ። ያለ ፎንት መረጃ በተራ ጽሑፍነት የተቀመጡት ግን ሁለቱ ተደባልቀዋል፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ አልተፈቱም። ዋናዎቹን ፋይሎች እንዳሉ አስቀምጠን የተለወጠውን በጎናቸው አኖርን፤ ነገ ከእኛ የተሻለ አንባቢ ሊመጣ ይችላልና።

በዚያው ሰሞን ሌላም ትምህርት አገኘን። በማስረከቢያ ደብተሩ ላይ መጠባበቂያው «በ8 ሰዓት» እንደሚወሰድ ተጽፎ ነበር፤ ከሌሊቱ ማለት ነው። በአዲሱ ማሽን ላይ 8 ተብሎ ሲሞላ በእኛ አቆጣጠር ጧት 2 ሰዓት ሆነና፣ ሠራተኛው ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት ኔትወርኩ ተጨናነቀ። አሮጌ ፋይሎችን በዓመት ለይቶ የሚሰርዘው ትእዛዝም «1997» የሚለውን አቃፊ በአውሮፓ አቆጣጠር ወስዶ ለስረዛ አሰልፎት ተገኘ። ዝርዝሩን ሰው ባያነበው ኖሮ ሰባትና ስምንት ዓመት ቀድሞ ይጠፋ ነበር።

የሥልጣኔ ታሪክ ሲጻፍ የምንቆጥረው ብዙ ጊዜ ዕቃውን ነው፦ ብራና፣ ፊልም፣ ዲስክ። እኔ ግን ከዚህ ሥራ የተማርኩት ሌላ ነው። የብራናው ጸሐፊ ሲገለብጥ ያነብ ነበርና ንባቡ ከቅጂው ጋር ተሻገረ። ካሜራውና ሰርቨሩ ከጸሐፊው ይልቅ ታማኝ ገልባጮች ናቸው፤ ነገር ግን ንባቡን ከገለባው ለዩት። ስለዚህ ንባቡ ራሱን የቻለ ሥራ፣ ራሱን የቻለ በጀትና ራሱን የቻለ ባለሙያ ይፈልጋል።

ለተማሪዎች የምለው ይህ ነው። በየትምህርት ክፍላችን በዲስኬትና በሲዲ የተቀመጡ የመመረቂያ ጽሑፎችና የመስክ ማስታወሻዎች አሉ። የየቦቻቸው ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ክፈቷቸው። በየትኛው ፎንት፣ በየትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተሠሩ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ። መጠባበቂያ ያለው ክፍል ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ፋይሎችን መልሶ አውጥቶ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያነባቸው ያድርግ። እትዬን ባናገኛቸው ኖሮ፣ ያ አዛውንት የሚያውቁትን ብቻ ተናግረው የሚሰማቸው አጥተው በቀሩ ነበር።